ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦ ስለ ክራክ፣ ስለ ጂምፕና ስለ ባዶው ወንበር

ጤና ይስጥልኝ።

ጋዜጣችሁን የማነበው ሁልጊዜ በማግስቱ ነው። ከሱቄ ጎን ሻይ የሚያፈላ ጎረቤት አለኝ። እሱና ደንበኞቹ አንብበው ሲጨርሱ ለኔ ይደርሰኛል። አንዳንዴ የብርጭቆ ክብ ታትሞበት ይመጣል። ቅር አይለኝም።

ሰሞኑን ስለ ኮምፒውተር በጻፋችሁ ቁጥር ወሬው ሁሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ይሁን። እኔ ግን ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። ኮምፒውተሬ ባለ 4 ጊጋ ራም ነው፤ ሲነሳ እንደ አሮጌ አይሱዙ ያጉረመርማል። እኔንና መሰሎቼን የሚመለከተውን ትንሽ ነገር የሚጽፍ ሳጣ ራሴ ልጻፈው አልኩ። ነገሬ አጭር ነው። ፎቶሾፕ የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ፣ ክራክ በሚሉት ቁልፍ ሰባሪ ፕሮግራም የተሰረቀውን፣ እያስጫንን መኖራችን ይብቃ። ነፃውና ሕጋዊው ይበቃናል። ደግሞ ኮምፒውተር እያለ አንዱን ሥራ ስድስት መቶ ጊዜ በእጅ መደጋገም፣ በሬ ገዝቶ ራስን መጥመድ ነው።

አጭር ነው አልኩ እንጂ፣ ለማስረዳት ወደ ኋላ መሄዴ አይቀርም።

ሱቁን የከፈተው ባለቤቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ያኔ ሥራው በፊልም ነበር። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ያወጣል፤ እድለኛ ከሆንክ 37። ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም ትንፋሹን ይይዝ ነበር። እኛም እንይዝ ነበር፤ አንዷ ብትበላሽ ከኪሳችን ነው። አሁን አንድ የምርቃት ቀን ብቻ 800 ፎቶ ይዤ እገባለሁ። ማንሳቱ ቀለለ። ሥራው ግን አልቀነሰም፤ ከካሜራው ወርዶ ኮምፒውተሩ ላይ ተከመረ። መክፈት፣ መቁረጥ፣ ማሳነስ፣ ስም መስጠት፣ ማስቀመጥ፣ መዝጋት። ቀጣዩን መክፈት።

የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ኮምፒውተሬ ተበላሸና ፎርማት ተደረገ። ፎቶሾፑም አብሮ ጠፋ። ሶፍትዌር የሚጭን ልጅ ተጠራ። ፍላሹን ሰክቶ ሲሞክር ኮምፒውተሩ እምቢ አለ።

«እትዬ፣ አንቲቫይረሱን ላጥፋው፤ እሱ ካለ ክራኩ አይገባም» አለኝ።

እኔም እሺ አልኩ። ሌባው እንዲገባ ውሻውን እሰሩት ማለት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ልጁ ገንዘቡን ተቀበለ፤ ፎቶሾፑም ተከፈተ። በማግስቱ ጠዋት አንድ የሠርግ ፎልደር ስከፍት ግን ፎቶዎቹ በሙሉ ስማቸው መጨረሻ ላይ የማላውቃቸው አራት ፊደላት ተቀጥለዋል። አንዱም አይከፈትም። በየፎልደሩ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ተቀምጧል። ፎቶዎቼ ተቆልፈዋል፤ ቁልፉ 980 ዶላር ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገርኳቸው በግማሽ ዋጋ፣ በ490 ይሸጡልኛል። ቅናሽ መሆኑ ነው! እንደ መርካቶ ነጋዴ።

በኋላ እንደተነገረኝ ይህ ዓይነቱ ቫይረስ የታወቀ ነው። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ ይሉታል። በዋናነት የሚዛመተውም በክራክ ፕሮግራሞችና በሐሰተኛ የቁልፍ ማውጫዎች ነው። አልከፈልኩም፤ የምከፍለውም አልነበረኝም። ሁለት ሠርግና የአንድ ክረምት ምርቃት ጠፋ። የአንዷ ሙሽራ እናት መጥታ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለች። ገንዘቧን መለስኩላት። ሳትቆጥረው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ልጁን አልረገምኩትም። እሱም የተማረው እንደዚያ ነው፤ እኔም ለዓመታት ስጠቀም የኖርኩት እንደዚያ ነው። አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ከረመ። አንድ ተቀናቃኝ ፎቶ ቤት ከግድግዳዬ ላይ ያነሳኋትን ሙሽራ በስልኩ ገልብጦ ማስታወቂያ ሠርቶባት ያውቃል። ያን ጊዜ «መብቴ!» ብዬ ጮኬያለሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ይጠብቃል። ያው አዋጅ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። በአንድ እጄ አዋጁን ይዤ በሌላው እጄ ክራክ አስጭናለሁ ማለት ነው።

በሕጋዊ መንገድ ግዢው የሚል ይኖራል። አዶቤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዳዲሶቹን ፎቶሾፖች የሚያቀርበው በኪራይ ነው። ክፍያው በዶላር ነው፤ በየወሩ። እኔ ዶላር የማየው ዲያስፖራ ሠርግ ሲደግስ ብቻ ነው።

ከዚያ የእህቴ ልጅ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ታጠና ነበር። «አክስቴ፣ ጂምፕ ልጫንልሽ» አለችኝ። እንደ ፎቶሾፕ ያለ የፎቶ ማስተካከያ ነው። ነፃ ነው ስትለኝ ይብሱን ፈራሁ። ከነፃ ነገር ገና ማገገሜ ነበር። ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ጂምፕን በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ የሚማሩ ሁለት ተማሪዎች ናቸው፤ ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ። ለሕዝብ የወጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የዓለም በጎ ፈቃደኞች ሲገነቡት ኖረዋል። ፈቃዱ ለንግድም ይሁን ለቤት ተጠቀሙበት፣ ቅዱት፣ ለጎረቤት ስጡ ይላል። ይህን ልብ በሉት፤ ነፃ የሚባል ሁሉ እንደዚያ አይደለም። ኢርፋንቪው የሚባለው ቆንጆ የፎቶ ማያ ለምሳሌ ለቤት ነፃ ነው፤ ለሱቅ ግን ይከፈልበታል።

አጫጫኑ ቀላል ነው፤ አንድ አደገኛ ቦታ ብቻ አለው፤ እሱም ማውረጃው ነው። ፕሮግራሙን ማውረድ ያለብን ከራሱ ገጽ፣ ከጂምፕ ዶት ኦርግ ነው። ጉግል ላይ ፈልጎ የመጀመሪያውን መጫን ዋጋ ያስከፍላል። በ2022 እ.ኤ.አ. ጉግል ላይ የወጣ አንድ ማስታወቂያ አድራሻው ጂምፕ ዶት ኦርግ ተብሎ ይታይ ነበር። ሲጫን ግን ወደ ሐሰተኛ ገጽ ይወስዳል፤ ከዚያ የሚወርደው የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ ነው። ትክክለኛ ፕሮግራም እንዲመስል 700 ሜጋባይት ድረስ አሳብጠውት ነበር። ስለዚህ የእህቴ ልጅ አድራሻውን ራሷ ጻፈች፤ አወረደች፤ ጫነች። አንቲቫይረሱ ሥራው ላይ ነበር፤ ማንም አጥፉልኝ አላለም። ቁልፍ ቁጥር የሚጠይቅ የለም። መጀመሪያ ሲከፈት ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ፊደላቱን እየቆጠረ ነው አለችኝ። ቡናዬን ጠጣሁ። ከዚያ ወዲህ ይፈጥናል።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሳምንት አበሳጨኝ። የለመድኩት ቁልፍ ሁሉ ቦታው ሌላ ነው። ኒያላ በሚባለው ፊደል አማርኛ ስጽፍበት በደንብ ያወጣል። የድሮዎቹን የፎቶሾፕ ፋይሎቼንም አብዛኞቹን ይከፍታል። ባነር የሚያትመው ጎረቤቴ ግን አልወደደውም፤ ማተሚያው አራቱን የቀለም ዓይነት ለይቶ ይፈልጋል፣ ጂምፕ ደግሞ በመሠረቱ የሚሠራው በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። ልክ ነው። ለእሱ አይመችም ይሆናል። ለጉርድ፣ ለምርቃትና ለሠርግ ግን ይተርፋል። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው 3.0 ደግሞ ያደረግኩትን ማስተካከያ ኋላ ተመልሼ እንድቀይረው ይፈቅድልኛል። አሮጌው ላይ ይህ አልነበረም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መጫን ነው። ሕይወቴን የቀየረው ግን ሌላው ነው።

በየዓመቱ መስከረም ላይ የአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ መታወቂያ እሠራለሁ። 640 ልጅ። ፋይዳ ከመጣ ወዲህ የመታወቂያውን ፎቶ ምዝገባው ላይ ራሳቸው ስለሚያነሱ ጉርድ ሥራ ቀንሶብኛል፤ የትምህርት ቤቱ ሥራ የዓመት ቀለቤ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ 3 በ4 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። ለኅትመት በሚሆነው ጥራት ሲሰላ 354 በ472 ፒክስል ነው። ካሜራዬ የሚያነሳው ግን 2 ለ 3 ነው፤ ስለዚህ ከላይና ከታች ትንሽ ይቆረጣል። ፋይሉ የልጁን ተራ ቁጥር መያዝ አለበት። እኔና ረዳቴ ይህን በእጅ ስንሠራ ሦስት ሌሊት እናነጋ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ዓይኔ ሁሉንም ልጅ አንድ ልጅ ያደርገው ነበር።

የእህቴ ልጅ ይህን አይታ ሳቀች፤ ከዚያ አዘነች። ኢሜጅማጂክ የሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም ጫነች። ጆን ክሪስቲ የሚባል ሰው በ1987 እ.ኤ.አ. ዱፖንት ኩባንያ እየሠራ የጀመረው ነው። መስኮት የለው፣ ቁልፍ የለው። ጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ ትጽፋለህ፤ እሱ ይፈጽማል። «ይህ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ በዚህ ልክ አሳንስ፣ ከመሃል ቁረጥ» ማለት ነው። ትእዛዙ በአንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ተጽፎ ዴስክቶፕ ላይ ይቀመጣል። ሁለቴ ክሊክ። በቃ። 640 ፎቶ፣ ወደ 4 ጊጋ የሚጠጋ፣ አሮጌው አይሱዙዬ ላይ እንኳ አቦል ሳይቀዳ አለቀ። ሦስቱ ሌሊት የት ሄደ?

ፎቶሾፕስ ይህ የለውም ወይ? አለው እንጂ! አክሽን ይሉታል፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ስንት ዓመት በክራክ ስጠቀምበት አንድም ቀን አልነካሁትም፤ ያሳየኝም የለም። ለልምምድ የሚመጡልኝ ሠልጣኞችም እንደኔው ናቸው። ፊት ማለስለስ ይችላሉ፤ ኋላውን ሐይቅ አድርጎ መቀየር ይችላሉ። 400 ፎቶ አሳንሱ ስላቸው ግን አንድ በአንድ መክፈት ይጀምራሉ። የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች ይህን ደብዳቤ ካነበቡ ውለታ ልጠይቅ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ስጡልን።

ታዲያ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ጉድ ሆኛለሁ፤ ሌላው እንዳይደግመው ልናገር።

የመጀመሪያው። ሞግሪፋይ የሚባለው የኢሜጅማጂክ ትእዛዝ ፎቶውን የሚለውጠው እዚያው በላዩ ላይ ነው። ቅጂ አያስቀርም። እኔ ይህን ሳላውቅ፣ የእህቴ ልጅ በሌለችበት፣ ከሐምሌ 19 የገብርኤል በዓል ያመጣሁትን 86 ፎቶ ለሞባይል ላሳንስ ብዬ ለቀቅኩት። ዋናዎቹ ሁሉ የቴምብር ያህል ሆኑ። እንባዬ መጣ። ደግነቱ ካርዱን ገና ከካሜራው አላጠፋሁትም ነበር። መፍትሔው አንዲት ቃል ነች፤ ትእዛዙ ላይ «ውጤቱን እዚህ ሌላ ፎልደር ውስጥ አድርግ» የምትል ትጨመራለች። አሁን ያለሷ አንድም ነገር አልሠራም። መሃል ላይ መብራት ቢሄድም ዋናው አይነካም። ሌላም ተምሬያለሁ፤ ዋናዎቹን የያዘው ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ሥራ ሲያልቅ ይነቀላል፣ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። የተሰካ መጠባበቂያ ቫይረስ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ስም አሰጣጡም በትእዛዝ እንዲሆን አደረግን። በመጀመሪያ የትምህርት ቤቱ የስም ዝርዝር አስቸገረን። በድሮው የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም የተጻፈ ስለነበር በእኛ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ሽሮ ሆነ። የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት፣ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እኮ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ስሙን ትተን በቁጥር ሄድን፤ 001፣ 002፣ 003 እያልን። ዜሮዎቹ ካልተጨመሩ አንዳንዱ ፕሮግራም 10ን ከ2 ያስቀድማል። ልጆቹን በዝርዝሩ ተራ አነሳሁ፤ ኮምፒውተሩም በተነሱበት ተራ ቁጥር ሰጠ። አማረ። ታተመ። ላሜኔት ተደረገ።

በሦስተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ ደወሉ።

«ወይዘሮ፣ ይሄ ልጅ እዚህ ላይ ሴት ሆኗል።»

ለካ ተራ ቁጥር 47 የዚያን ቀን ቀርቶ ኖሯል። ከ48 ጀምሮ ሁሉም የጎረቤቱን ቁጥር ለበሰ። በእጅ ስሠራ አንድ ልጅ ብስት አንድ ልጅ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ከሳተ ትምህርት ቤቱን ከሞላ ጎደል ይዞ ነው የሚሄደው፤ ያውም ሳያንገራግር። ካርዱን ሁሉ በራሴ ወጪ ደገምኩት። ያ ዓመት ትርፍ የሚባል አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ዘዴ ፈጠርን። ወለሉ ላይ የበርጩማውን ቦታ በፕላስተር ምልክት አደረግን። አንደኛ ክፍሎቹ ጭንቅላታቸው ከፍሬሙ እንዳይወርድ መጽሐፍ ላይ ይቀመጣሉ። ልጁ ዓይኑን ከጨፈነ እዚያው ደግመን እናነሳለን፤ የተጨፈነውን እዚያው እንሰርዛለን። አንድ ቁጥር፣ አንድ ፎቶ። ልጁ ከቀረ ደግሞ የተቀመጠበት ሳይኖር ወንበሩን ብቻ እናነሳለን። ረዳቴ ዝርዝሩን ይዞ «ቀሪ!» ሲል እኔ ባዶውን ወንበር ቀጭ አደርጋለሁ። መምህራኑ መጀመሪያ ያበድኩ መስሏቸው ነበር።

ስለ ረዳቴ ካነሳሁ ይህንንም ልበል። ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጨርስ ያየ ቀን ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ፣ እኔ ታዲያ ምን ልሠራ ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን ሌሊት ማንጋቱን ትቶ በጂምፕ የተቀደዱ፣ የደበዘዙ የድሮ ፎቶዎችን ይጠግናል። የአያት ፎቶ፣ የወታደር ፎቶ፣ ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ጋር የተነሱ የድሮ ጥንዶች። ከይርጋለም ድረስ የሚልኩለት አሉ። ከጉርዱ የተሻለ ያስገባል። በፊቼ ጫምባላላ ሰሞን ደግሞ ካሜራውን ይዞ ወደ በዓሉ ሜዳ፣ ወደ ጉዱማሌ ይወርዳል፤ እኔ ሱቅ እጠብቃለሁ። ሁሉም ቦታ እንደዚህ ይሆናል አልልም። የእኛ ግን እንደዚህ ሆነ።

አንድ የሙያ ባልደረባዬ «አገሩ ሁሉ በክራክ ነው የሚሠራው፤ አንቺ ብቻሽን ጻድቅ ልትሆኚ ነው?» ብሎኛል። ጽድቁ ይቆየኝ። እኔን ያስተወችኝ የሙሽራዋ እናት ናት። አንቲቫይረስ አጥፉልኝ የሚል ሰው ሱቄ ውስጥ ሁለተኛ አይቀመጥም። ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍልም ልመና አለኝ። ከትልልቁ የቴክኖሎጂ ወሬ ጎን በየሳምንቱ ግማሽ ዓምድ ብትሰጡን፣ ይህን መሰሉን የሱቅ ዕውቀት ባለሙያዎቹ በአማርኛ ቢጽፉልን። ፎቶ ቤቱ፣ ጽሕፈት ቤቱ፣ ማተሚያ ቤቱ ሁሉ ያነባል። ሻይ ቤቱም ያነባል፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ዘንድሮ ቀሪዎቹ 11 ነበሩ። 640 ፋይል፣ 11 ባዶ ወንበር፤ ቁጥሩ ልክ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ከእናቱ ጋር ሱቄ መጣ። አሞት ነበር። ቁጥሩ 212 ነው። ፎልደሩን ከፍቼ የእሱን ቦታ አሳየሁት፤ ወንበር። ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። አነሳሁት፣ 212 ብዬ በወንበሩ ቦታ ላስገባው ስል እጄን ያዘኝ።

«እሱንም እጠቡልኝ» አለኝ፤ «ለጓደኞቼ የሌለሁበትን ላሳያቸው።»

አጠብኩለት። 3 በ4።

አክባሪያችሁ፣
የፎቶ ቤት ባለቤት
ከሐዋሳ